ማንም ያልገፋው በር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ተስማምተው በሚኖሩበት ሸለቆ ውስጥ፣ ቀበሮ ከጎረቤት አገር አንድ በቀቀን ይዛ መጣች። በቀቀኑ የሰማውን አይረሳም፤ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች ቀበሮ፣ «እያንዳንዱ የት እንደሚውል፣ ልጁን የት እንደሚያስተኛ ለበቀቀኑ ይንገረው። እሱ ደግሞ ውኃው የት እንዳለ፣ ሣሩ የት እንደለመለመ ይነግረናል። ጎረቤቶቻችን ጠገቡ፤ እኛ አፋችንን ከፍተን ቀረን!»

አንበሳ ጎፈሩን ነቀነቀ። «የነገርነውን ጠላት ቢጠይቀውስ?»

«ከገባማ ይነግረዋል።»

«እንግዲያው አስቀድሞ አጥራችን ይፈተሽ።»

ሥራው ለእትዬ አህያ ተሰጠ። አሠራሯ ቀላል ነበር፤ አጥሩን በጎኗ ትገፋዋለች። የበሬ አጥር ገና ስትነካው ተዘረጠጠ።

«እትዬ፣ ቤቴን ልታፈርሺው ነው እንዴ?»

«እኔ ከማፈርሰው ጅብ ቢያፈርሰው ይሻልሃል?»

በሬ እያጉረመረመ አጠበቀው። የፍየሎቹም በረት እንዲሁ ተገፍቶ ተጠገነ።

በመጨረሻ በቀቀኑ ወደሚቀመጥበት ወደ አንበሳ ግቢ ደረሰች። በረኛው ሽማግሌው ዝንጀሮ እቅፍ ሙሉ ገብስ አቀረበላት።

«አረፍ በይ፣ የኔ እመቤት። የንጉሥን በር እንደ ፍየል በረት ልትገፊው ነው? ሰሚ ምን ይላል?»

አህያ ይሉኝታ ያዛት። በሩን ከቆመችበት ሆና አየችው፤ ያማረ በር ነው።

«ኧረ እኔስ ለወጉ ያህል ነው የመጣሁት፣» አለች። ገብሷን በላችና ሄዳ ለአንበሳ «ተዘጋጅተናል» አለችው።

አራዊቱ ተራ በተራ ምስጢራቸውን ለበቀቀኑ ነገሩት። አህያም ውርንጭላዋን የት እንደምታስተኛ ነገረችው።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁሉም ወደ መስኩ ወረደ። ዝንጀሮም ሾላ ሊለቅም ሄደ። አያ ጅቦ አጥንት ሸትቶት መጣና በሩን ደገፍ ቢለው፣ በሩ ወለል አለ። በቀቀኑ «ማን ነህ?» እንኳ አላለውም።

«ራበኝ፣» አለ ጅብ።

«ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር፣ የአህያ ውርንጭላ ብቻዋን ተኝታለች። እናቷ የምትመለሰው ሲመሽ ነው።»

የጅብ ለሃጭ ተዝረበረበ። ወዲያው መሮጥ ሲችል ሆዱ አላስቻለውም።

«ከእሷ ቀጥሎስ?»

«የፍየሏ ግልገል፣ ከገደሉ ሥር።»

«ከዚያስ?»

«የላሟ ጥጃ፣ ከጉብታው ጀርባ።»

«ቆይ፣ ቆይ! የመጀመሪያዋ የት ነበረች ያልከኝ?»

እንዲህ እየጠየቀ ሳለ አንበሳ ከተፍ አለና አገሳ። ጅብ ጭራውን ወትፎ ፈረጠጠ።

በአንበሳ ግቢ ሸንጎ ተሰበሰበ፤ በቀቀኑም ጅብ የጠየቀውን ሁሉ ደገመ። «ምን ላድርግ ጌታዬ፣» አለ ዝንጀሮ፣ «በሩን ሰብሮት ገባ!»

«ጅብ ነዋ! ጉልበቱን አታውቁም?» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል። ልጅሽም እንኳን ተረፈችልሽ።»

አራዊቱ እልል አሉ። አህያ ዝም ብትል ምስጋናው የእሷ ነበር። ውርንጭላዋ ተጠግታ «እማዬ፣ ለምን ደስ አላለሽም?» አለቻት። አህያ የልጇን ዐይን ማየት አቃታት። ወደ በሩ ሄደችና በአፍንጫዋ ነካ አደረገችው። በሩ ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

«አልተሰበረም፣» አለች። «መወርወሪያ ኖሮት አያውቅም። የበሬን ገፋሁ፣ የፍየሎቹን ገፋሁ፤ ይህን ግን አፍሬ ተውኩት። ልጄን ያተረፋት የጅብ ሆዳምነት እንጂ የእኔ ፍተሻ አይደለም።»

አራዊቱ ተራ በተራ በሩን ነካ እያደረጉ አዩት። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። አንበሳም አቀረቀረ፤ የገዛ በሩ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመቀበል የምትሰናዳ አገር ምስጢሯን ከመስጠቷ በፊት የሳይበር አጥሯን ሁሉ፣ ይልቁንም ሰው ሊነካው የሚያፍረውን የትልቁን ቤት በር፣ ገፍታ ማየት እንዳለባት ነው።