ጡሩምባው ሰም አምጣ አለ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ሰማዩ ጠርቷል። ማለዳ ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል።

በዚያ ኅዳር አያ ጓንጉል የሚባል ገበሬ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ። ጡሩምባ እንዲነፋለት ፈለገ። በቃ።

አያ ጓንጉል መንደሩ መርጦ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት የላከው ሰው ነው። እርሻ ላይ ብርቱ ነው፤ ንግግር ላይ ቁጥብ ነው። ፊቱ እንደ ተቋጠረ ስልቻ ስለሆነ ልጆቹ እንኳ ቀና ብለው አያዩትም። ምክር ቤቱ በሳምንቱ ሰኞ በአዲስ ግብር ላይ እጅ ያወጣል። ግብሩ በገደሉ ላይ ለሚሠራ የእግር ድልድይ ነው።

ባለፈው ጊዜ ሌላ ግብር ሲመጣ አያ ጓንጉል ለመንደሩ አንድም ቃል ሳይተነፍስ እጁን አውጥቶ ነበር። ሰዉ ነገሩን የሰማው ግብር ሰብሳቢው ደጁ ሲቆም ነው። ማንም አልተቆጣውም። ሰላምታም አልነሱትም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ ግን ነሱት። ይህ ነገር ሲቆጨው ኖረ። ‹‹አሁንስ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ›› አለ። ቤት ለቤት ዞሮ እንዳይነግር፣ አንድ ቤት የገባ ቃል ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ቀንድ አብቅሎ ነው። ሰው በአንድነት ይሰማ ከተባለ ጡሩምባ ነው።

ለቀብርም ለስብሰባም የሚነፋው ደርሶ የሚባል ሰው ነው። አያ ጓንጉል ማክሰኞ ማለዳ ደጁ ቆመ።

‹‹ደርሶ፣ እሑድ ንፋልኝ።››

‹‹ምኑን ልንፋው? እስቲ ስማ።›› ደርሶ የአጋዘን ቀንዱን ከግድግዳ አውርዶ ነፋ። ፍስስስ አለ። ‹‹ድመት ያባርር እንደሆነ እንጃ፣ ሰው አይጠራም።››

‹‹ምን ነካው?››

‹‹ወድቆ ተሰነጠቀ።››

‹‹የት ወደቀ?››

ደርሶ ቀንዱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ‹‹ሰም ይፈልጋል። ሰም ሙጬ ዘንድ አለ። ሂድ ወደ ሙጬ።››

አያ ጓንጉል ሄደ። ሰው ያለ ጡሩምባ አይሰበሰብ፤ ጡሩምባው ያለ ሰም አይነፋ።

ሙጬ ንብ አርቢ ነው። ከጓሮው ቀፎ ሥር ተቀምጦ አገኘው።

‹‹ሙጬ፣ ሰም ስጠኝ።››

‹‹ለምንህ?››

መናገር ግድ ሆነ። ‹‹ሰው ልጥራ ብል ጡሩምባ ታጣ፤ ጡሩምባው ሰም አምጣ አለኝ።››

‹‹ኧረ ጉድ! አያ ጓንጉል ሁለት ነገር ባንድ ትንፋሽ ተናገረ!›› አለ ሙጬ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠ። ‹‹ሰሙማ ከነማሩ ቀፎ ውስጥ ነው። ንቦቹ ያለ ጭስ አያስቆርጡም። ጭሱ ደግሞ የእትዬ ዝማም ላም ኩበት መሆን አለበት።››

‹‹ኩበት በየቤቱ አለ።››

‹‹አለ። ንቦቼ የለመዱት ግን የሷን ነው። ባለፈው በሌላ ኩበት ብሞክር ፊቴ አብጦ፣ ሚስቴ ‹የየት አገር እንግዳ ነህ?› አለችኝ። ሂድ ወደ እትዬ ዝማም።››

አያ ጓንጉል ሄደ። ሰው ያለ ጡሩምባ አይሰበሰብ፤ ጡሩምባው ያለ ሰም አይነፋ፤ ሰሙ ያለ ጭስ አይቆረጥ፤ ጭሱ ያለ ኩበት አይጤስ።

እትዬ ዝማም ባሏ አያ ተገኘ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው። ደጇ ላይ ምስር ትለቅማለች።

‹‹እትዬ ዝማም፣ ኩበት ስጪኝ።››

‹‹አንተ ጓንጉል፣ የራስህ ኩበት አለቀ?››

‹‹ሰው ልጥራ ብል ጡሩምባ ታጣ፤ ጡሩምባው ሰም አምጣ አለኝ፤ ሰሙ ጭስ አምጣ አለኝ፤ ጭሱ የእትዬ ዝማምን ኩበት አምጣ አለኝ።››

‹‹እሰይ! ካንተ አፍ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ ሳልሰማ ልሞት ነበር። ኩበትስ የለኝም። ላሚቱን ጠይቃት።››

ወደ በረቱ ገባ። ላሚቱ ተኝታለች። ጎኗ ሰርጉዷል፤ አንድ እግሯን ወደ ጎን ዘርግታለች። አያ ጓንጉልን አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

‹‹የምትጥለው እንደ ፍየል ጠጠር ጠጠር ነው፤ ኩበት ከየት ይምጣ?›› አለች እትዬ ዝማም ከኋላው። ‹‹ምንጭ አትወርድም። እኔ በጀርባዬ የማመጣው ውኃ አይበቃትም።››

‹‹ለምን አትወርድም?››

‹‹ገደሉን ስትወርድ ተንሸራታ እግሯን ተጎዳች።››

‹‹ምን ገደል አስወረዳት? በመንገዱ አትነጃትም?››

እትዬ ዝማም የያዘችውን ምስር ሰፌዱ ላይ መለሰች። ‹‹የቱ መንገድ?››

‹‹የምንጩ መንገድ ነዋ!››

‹‹እንግዲያው ሂድና መንገዱን ጠይቀው። እሱ ይንገርህ። እኔ ሰው አስቀይሜ የምኖርበት ጉልበት የለኝም።››

አያ ጓንጉል ሄደ። ሰው ያለ ጡሩምባ አይሰበሰብ፤ ጡሩምባው ያለ ሰም አይነፋ፤ ሰሙ ያለ ጭስ አይቆረጥ፤ ጭሱ ያለ ኩበት አይጤስ፤ ኩበቱ ያለ ላም አይገኝ፤ ላሚቱ ያለ ውኃ አትበረታ፤ ውኃው ያለ መንገድ አይደረስ። መንገዱስ?

መንገዱን አጣው። በገደሉ አፍና በእርሻው መካከል ድሮ ላምና ሰው ጎን ለጎን ያልፉበት ነበር። አሁን እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ጤፍ ቆሟል። ጤፉ ያምራል። ጤፉ የራሱ ነው።

በየዓመቱ ከመንገዱ የቆረሰው አንድ ትልም ብቻ ነበር። መጀመሪያ በሬዎቹን ለማዞር ብሎ አንድ ትልም ገባ። በዓመቱ የዞረበትን ዘራበት፤ ለመዞሪያ ደግሞ ሌላ ትልም ገባ። ሰባት ክረምት፣ ሰባት ትልም። የጎረቤት ትልም ቢሆን ቆጥሮ ይከስ ነበር። የራሱን ትልም ማን ይቆጥራል?

አያ ተገኘ የተቀበረበት ቀን ትዝ አለው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ገደሉን ሲወርዱ ቃሬዛው ዘመመ፤ ሬሳው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ‹‹ምን ዓይነት መንገድ ነው ይሄ!›› ብሎ ጮኸ። ማንም አልመለሰለትም። ያን ጊዜ ዝምታው የሐዘን መስሎት ነበር።

ከጤፉ ዳር ቁጭ አለ። ሰባቱን ትልም በዓይኑ ቆጠረ። ከዚያ ማጭድ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ትልቋ ልጁ ይታይሽ ማጭዱን ከጣራው ሥር አውጥታ ሰጠችው። ጤፉ ገና ሳምንት የሚቀረው ቢሆንም፣ ምን ልታጭድ ነው ብላ አልጠየቀችውም።

‹‹ታውቂ ነበር?›› አላት።

መሬት መሬት አየች። ‹‹አዎ።››

‹‹ለምን አልነገርሽኝም?››

‹‹አንተን ማን ይናገርሃል፣ አባዬ?››

ይህን ቃል ይዞ ወረደ። ብቻውን አጨደ። ሰባቱን ትልም ከላይ እስከ ታች አጨደ፤ ጓሉን በመቆፈሪያ ከሰከሰ፤ በእግሩ እየረገጠ ደለደለ። ያጨደውን እሸት ጤፍ ተሸክሞ በላሚቱ ፊት ጣለው።

መንገዱ ሲከፈት ላሚቱ እያነከሰች ምንጩ ደረሰች። ላሚቱ ስትጠጣ ኩበቱ ተገኘ። ኩበቱ በኅዳር ነፋስ ሲደርቅ ጭሱ ጤሰ። ጭሱ ሲጤስ ንቦቹ ፈቀቅ አሉ። ንቦቹ ፈቀቅ ሲሉ ሰሙ ተቆረጠ። ሰሙ ሲቀልጥ ጡሩምባው ተደፈነ። ጡሩምባው ሲደፈን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጎርነን ባለ ድምፅ ተነፋ። ጡሩምባው ሲነፋ ሰዉ ሁሉ ወጣ። በመንገዱ መጣ።

አውድማው ላይ ተሰበሰቡ። አያ ጓንጉል ቆመ፤ ጎሮሮውን ጠረገ። እሱ ከመናገሩ በፊት ግን ደርሶ አላስቻለውም።

‹‹አያ ጓንጉል፣ እውነቱን ልንገርህ። ጡሩምባው የተሰነጠቀው ለቀብር ልጠራ በገደሉ ስሮጥ ወድቄ ነው። ለመድፈኛውም ከቤቴ የጧፍ ቁራጭ አይጠፋም ነበር።››

‹‹ንቦቼም ለማንም ኩበት ጭስ ይሸሻሉ፤ ላም አይመርጡም›› አለ ሙጬ።

ሰዉ ሳቀ። አያ ጓንጉልም ሊስቅ ሞከረ፤ አልለመደበትም። ከዚያ ተናገረ።

‹‹የጠራኋችሁ ነገ ስለሚወሰነው ግብር ልነግራችሁ ነው። ግብሩ የመጣው ለድልድዩ ነው። ድልድዩ የመጣው ለገደሉ ነው። በገደሉ የምትዞሩት መንገድ ስለሌለ ነው። መንገዱን የበላሁት እኔ ነኝ። ባለፈውም ሳልነግራችሁ እጄን አውጥቻለሁ። ይቅር በሉኝ። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ ነገ እጄን ላውጣ ወይስ ላስቀር?››

ተቀመጠ። ሰዉ አንድ በአንድ ተናገረ፤ እሱ ሰማ። የሚበዛው ‹‹መንገዱ ካለ ድልድዩ ይቅር›› አለ። በመጨረሻ እትዬ ዝማም ተነሣች።

‹‹መንገዱ መልካም ነው፣ ጓንጉል። እግዜር ይስጥህ። ተገኘ ግን አልሄደበትም።››

አያ ጓንጉል ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጎንበስ አለላት፤ ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

ሰኞ ምክር ቤት ገባ። እጅ አውጡ ሲባል እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። ለምን ቢሉት፣ ነገሩን ከጡሩምባው ጀምሮ እስከ ሰባቱ ትልም አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

ክረምት ሲገባም እንደ ልማዱ ጠመደ። በሬዎቹን የሚያዞረው ግን ከመንገዱ መለስ ብሎ፣ በገዛ እርሻው ውስጥ ነው። የእትዬ ዝማም ላም እያነከሰች ወደ ምንጩ ስትወርድ ባየ ጊዜ በሬዎቹን ያቆማል፤ እርፉን ይዞ፣ እስክታልፍ ድረስ ቆሞ ይጠብቃታል።