አምባ ሾላን ሊጽፍ የመጣው እንግዳ

በእኛ አገር ሰው ሳያጣራ ሲፈርድ የሚጠቀስ አንድ አባባል አለ። ሁሉም ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ የሰማሁት ከአያቴ ወንድም ነው። እሳቸው ነገሩ በሆነበት ጠዋት ጨው ጭነው መንገዱ ላይ ነበሩ።

አምባ ሾላ የገበያ ከተማ ናት። በመሐሏ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር አንድ ጎድጓዳ ድንጋይ አለ። የጥንት ሰዎች ቦርቡረው የእህል መስፈሪያ አደረጉት፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ዙሪያ ነው። ገበያው የሚቆመው ቅዳሜ ብቻ ነው። ዓርብ ሜዳው ይጠረጋል፤ የገበያው ዳኛ ቅዳሜ ጠዋት ጥሩንባ እስኪያስነፉ ድረስ ማንም አይረግጠውም።

አንድ ዘመን የመኪና መንገድ ሊወጣ ሆነ። በአምባ ሾላ ይለፍ ወይስ በማዶው በቀጨሞ የሚለውን አይቶ እንዲጽፍ አቶ ልሳነወርቅ የሚባል ሹም በበቅሎ ተላከ። የደረሰው ዓርብ ነው።

ዳኛው ግራዝማች ይግለጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀበሉትና ወደ ድንጋዩ ወሰዱት።

«ከተማችንን ያቆመ ይህ ነው» አሉት። «የሦስት ወረዳ እህል ይሰፈርበታል።»

«አሁን ምን አለበት?»

«አሁንማ የዝናብ ውሃ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ «አንድ ድንጋይ፤ ውሃ ያለበት» ብሎ ጻፈ።

«ሰዉስ?»

«ነገ ይመጣል።»

«ከብቱስ?»

«እሱም ነገ ነው። ጌታው፣ ይደሩልን። በግ አዘጋጅተናል።»

«በጉም ነገ ነው?»

«የለም፤ በጉ ዛሬ ነው።»

«እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው፣ ግራዝማች» አለና ወረቀቱን በማኅተም አሽጎ በቅሎው ላይ ወጣ። በጉን ግራዝማች ብቻቸውን ጀመሩት፤ አልጨረሱትም።

እንግዳው ከአምባው ገደል ሥር ካለ ገበሬ ቤት አደረ። ጠዋት ከዚያ ወደሚያወጣው ጠባብ መንገድ ሲደርስ ሰውና ከብት ሞልቶት ጠበቀው። ጨው የጫኑ አህዮች፣ ማሰሮ ያዘሉ ሴቶች፣ ፍየል የሚነዱ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይመጡበታል። በቅሎዋ አንድ እርምጃ ሳትራመድ ረፋድ ሆነ።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ሸክማቸውን አውርደው አጠገቡ አረፉ።

«ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነው?» አላቸው።

«አምባ ሾላ ገበያ ነዋ። መንገዱን የምትጽፈው አንተ ነህ፣ ልጄ?»

«ነኝ።»

«ምን ብለህ ጻፍክልን?»

አህዮቹን ትንሽ አየ። «ባዶ ነው ብዬ።»

«ታዲያ አቃናዋ። ሰዉ ይኸው።»

«ታሽጓል፣ እማማ። ማኅተም አይፈታም።»

ወረቀቱም እንደታሸገ ሄደ። መንገዱ በቀጨሞ ወጣ፤ የአምባ ሾላ ሰው ዛሬም መኪና የሚያገኘው ግማሽ ቀን በእግሩ ሄዶ ነው።

በዚያ ጠዋት እማማ ደብሪቱ ማሰሮአቸውን አዝለው ተነሡ። ከኋላ የሚመጣ አንድ ባለ ፍየል «ምን ሆኖ ነው እዚህ የተገተረው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ዘወር ሳይሉ መለሱለት፦ «ዓርብ መጥቶ፣ የቅዳሜን ገበያ ባዶ ነው አለ።»