ከአልጋው ሥር የተጠቀለለው ገመድ

«ስምሽን ሳልጠራ ሥራ አልጀምርም፤ ታዲያ ሥራዬ ለምን በየመሐሉ ይቋረጣል?» ምእመናን ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ በትርሲት ልብ ነበረ፤ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም እንዴት እንደ መለሰችላት በፍቅር ስሙ።

ትርሲት፥ በክርስትና ስሟ አጸደ ማርያም፥ ብረት በያጅ ነበረች፤ ሙያውንም ከአባቷ ተምራ፥ እርሱ ካረፈ በኋላ አልጋ የያዘች እናቷን በዚሁ ታስተዳድር ነበር። በየማለዳውም ውዳሴ ማርያም ሳልደግምና «ሰላም ለኪ» ሳልል እጄን ወደ ብረት አልዘረጋም ብላ ተስላ ነበር፤ ይህንም አንድ ቀን ስንኳ አላጎደለችም።

ነገር ግን ወደ ቤቷ የሚገባው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የቤት መስመር ነበረና፥ የብየዳ ማሽኑ ሲበረታ ወይም የፕላዝማ ብረት መቁረጫው አየር ከሚሞላለት ኮምፕሬሰር ጋር ሲነሣ፥ ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው ብሬከር ይወርድ ነበር፤ እርሷም ተነሥታ ትመልሰዋለች፥ ጥቂት እንደ ሠራችም ደግሞ ይወርዳል። ጎረቤቷ የመብራት ሠራተኛው ጋሽ አምሳሉም «ትርሲትዬ፥ አምፖል ባንጠለጠልሽበት ሽቦ ዝሆን ልትጎትቺ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር፤ እርሷም ዐይናፋር ነበረችና አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትል ነበር።

በአንድ ዓመት የአጥቢያዋ የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ተሰብሮ ነበርና፥ ለየካቲቱ በዓል ታቦቷ የምትወጣበትን የብረት በር እሠራለሁ ብላ ቃል ገባች። በዓሉም ሁለት ቀን ሲቀረው ብሬከሩ ከማለዳ ጀምሮ አምስት ጊዜ ወረደ፤ ከዚያም ትዕግሥቷ አለቀና፥ ሌሎች በያጆች ሲያደርጉ እንዳየችው መስመሩን በብሬከሩ ሳይሆን በወፍራም የመዳብ ሽቦ በቀጥታ አገናኘች፤ ከእናቷ ክፍል ሶኬት የሚመጣውንም የኤክስቴንሽን ገመድ፥ መንገድ እንዳይዘጋባት ትርፉን እንደ ተጠቀለለ ከእናቷ አልጋ ሥር ትታ፥ ወፍራሙን ላሜራ ያለ ዕረፍት ትቆርጥ ጀመር። «እማዬ፥ ዛሬስ የሚያስቆመኝ የለም!» ብላም በደስታ ጮኸች።

ቀትርም ሲሆን የመቁረጫው ነበልባል ድንገት ጠፋ፥ ኮምፕሬሰሩም ዝም አለ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ግን ይናገር ነበርና፥ የሰፈሩ መብራት አልጠፋም። ትርሲትም «እመቤቴ፥ የራስሽን በር እኮ ነው!» ብላ ገመዱን ተከትላ ወደ እናቷ ክፍል ገባች፤ በገባችም ጊዜ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት፤ ጎንበስ ብላ ብታይ የተጠቀለለው ገመድ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፥ የብርድ ልብሱም ጫፍ ጠቁሯል፥ እሳት ግን አልያዘም። ሶኬቱን ነቅላ እናቷን ታቅፋ ወደ ደጅ አወጣቻት።

እናቷም «ምን ያስሮጥሻል ልጄ? ሰማያዊ የለበሰችው ሴትዮ አልነገረችሽም?» አለቻት።

«የቷ ሴትዮ?»

«እግሬ ሥር ተቀምጣ የነበረችው ናታ። እጇን ወደ አልጋው ሥር ሰደደችና ‹ልጅሽ ጥቂት ትቀመጥ፥ ደክማለች› አለችኝ። እኔማ ማኅበርተኛሽ መስላኝ፥ ውሃ እንኳ የሚያቀርብላት የለም ብዬ ተሳቀቅሁ።»

ጋሽ አምሳሉም ተጠርቶ መጣና «ገመድ ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል» ብሎ ሁሉን መረመረ፤ የመዳብ ሽቦው እንደ ታሰረ ነበር፥ ሶኬቱም መብራት ነበረው፥ በቀለጠው ገመድ ውስጥ ያለውም ሽቦ አልተበጠሰም። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ፈተነና «የሚያቆመውን ብሬከር አንቺው ከመስመሩ አውጥተሽዋል፤ ታዲያ ምን አቆመው?» ብሎ ቆቡን አወለቀ። እናቲቱም በደጅ እንደ ተቀመጠች እልል አለች፤ ትርሲትም በእግሯ ሥር ተንበርክካ አመሰገነች፥ ያ ሁሉ መቋረጥ የእመቤታችን ጥበቃ እንደ ነበረም ተረዳችና የሰባት ዓመት ጥያቄዋ ተመለሰላት።

ከዚያም ጋሽ አምሳሉ ብሬከሩን መልሶ፥ ወፍራም ገመድ በግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ዘረጋላት፤ እርሷም አስቀድማ ኮምፕሬሰሩን አየር እየሞላች፥ እርሱን አጥፍታ እየቆረጠች፥ በቀጭን የብየዳ ዘንግ ቀስ ብላ በየደች፤ በሩም በዋዜማው ቆመ፥ ታቦቷም በእልልታ ወጣችበት። ትርሲትም ይህን ወሰነች፤ ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ጓንቷን አውልቃ «ሰላም ለኪ» ልትል፥ ገመዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ ልትዳብስ፥ ከቀዘቀዘም በኋላ ብቻ መልሳ ልታበራ።

የአጸደ ማርያምን ቤት ከእሳት የጋረደች እናት፥ ይህን የሰማችሁትን ሁላችሁንና በየቤታችሁ የተኙትን ድውያን በልጇ ቸርነት ትጋርድ፤ አሜን።