የልብስ ሰፊው ልብ

አንድ ቀን፣ ያውም ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወንድይፍራው የሚባል የደሴ ልብስ ሰፊ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ ነበር። ልቡ ድው ድው ይልበታል። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ እንደገና ድው! ቁርሱን በልቷል፤ አልሮጠም፤ ዳገት አልወጣም። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው፤ ከጉንፋን በቀር በሽታ አያውቀውም። ታዲያ ይሄ ልብ ምን ፈልጎ ነው? ይህ ነገር ሲመላለስበት እነሆ ሦስተኛ ወሩ።

ስለ ስሙ ትንሽ ልንገራችሁ። ወንድይፍራው ብለው ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ሲያድግ ወንድ ሁሉ እንዲፈራው ተመኝተው። እሱ ግን ሰው ስሙን ሲጠይቀው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ወንድይፍራው እባላለሁ፤ እስካሁን የፈራኝ የለም፣ እኔ ግን ያልፈራሁት የለም» ነው የሚለው። እውነቱን ነው። ድመት ይፈራል፣ ነጎድጓድ ይፈራል፣ መርፌ የሚፈራ ልብስ ሰፊ አይታችሁ ካላወቃችሁ እሱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ጋሽ ይመርን ነው።

ጋሽ ይመር የስፌት ቤቱ ባለቤት ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም። ሞተር ቢሉ፣ ሕግ ቢሉ፣ ሕክምና ቢሉ እሳቸው ዘንድ መልስ አይታጣም። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም፣ «ልብስ ሰፊ ልበ ሰፊ ይሁን!» ብለው አጽፈው ሰቅለዋል። የራሳቸው ልብ ግን እንኳን ሊሰፋ መርፌም አያሳልፍ። ቁጣቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

«ወንድይፍራው!» ብለው ይጮሃሉ፤ ካውያው ራሱ የሚደነግጥ ይመስላል። «አንተ ልብ የለህም እንዴ? ልብ ግዛ እንጂ! ምን ዓይነት ልብ አውልቅ ነህ? ልቤን አወለቅከው እኮ!»

«አቤት ጋሼ!» ይላል ወንድይፍራው፣ ከተቀመጠበት እንደተለቀቀ ስፕሪንግ ተስፈንጥሮ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሰማ፣ የራሱ ልብ የሌለው ሰው እንዴት የሌላውን ልብ እንደሚያወልቅ ማሰቡ አልቀረም። መጠየቅ ፈልጎም ያውቃል። ለመጠየቅ ግን ልብ ያስፈልጋል።

የዚያን ዕለት ከጎኑ ተቀምጠው ቁልፍ ወደሚተክሉት ወደ እትዬ ሉባባ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ልቤ ይመታል።»

«ጎሽ» አሉት ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «የቆመ ቀን ንገረኝ።»

«የምሬን ነው! ድው ድው ይላል።»

«እንግዲህ ምን ሊል ነበር? ሊዘፍንልህ?»

ጋሽ ይመር ከወዲያ ማዶ ሰሙ። በሽታ ተወርቶ እሳቸው ሳይጠሩ? ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። «እሱ ቀላል ነው» አሉ። «ጨጓራ ነው። ጨጓራ ሲነፋ ልብን ወደ ላይ ይገፋል። ካልሆነም ነርቭ ነው። ካልሆነም ደም በዝቶብህ ነው፤ ካልሆነም አንሶህ ነው። ካልሆነም ሚስት ስለሌለህ ነው።»

«ከነዚህ የቱ ነው ጋሼ?»

«ሁሉም!» ብለው ተመለሱ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራው አንገቱን ደፍቶ የተማሪ ሱሪ ሲሰፋ፣ ልቡ በድንገት ዘለለ። እጁም አብሮ ዘለለ። ምን እንደሰፋ ሳያይ ሰፋ። ወዲያው ጋሽ ይመር «ወንድይፍራው!» ብለው ሲጮሁ «አቤት!» ብሎ ብድግ አለ። ሱሪውም አብሮት ብድግ አለ። ለካ የገዛ ሸሚዙን እጅጌ ከሱሪው ወገብ ጋር አገናኝቶ ሰፍቶታል! እትዬ ሉባባ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቁልፎቹን መሬት ላይ በተኗቸው። ወንድይፍራው ከክንዱ የተንጠለጠለውን ሱሪ አየት አድርጎ፣ «እትዬ፣ ሚስት አገኘሁ መሰለኝ፤ አልለቅህም አለችኝ» አለ።

ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም። «በል ስማ» አሉት። «ነገ ሄደህ ትመረመርና ወረቀት ይዘህልኝ ትመጣለህ። ጤነኛ ነው ካለ ትሠራለህ። የልብ በሽተኛ ነው ካለ ግን ማሽኑን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እኔ ማሽኔ ላይ ሰው እንዲሞትብኝ አልፈልግም!»

ወንድይፍራው ከዚያች ማሽን ሌላ እጁ የሚያውቀው ሥራ የለም። ታሞ ከሆነ መሞቱ ነው፤ ከመሞቱ በፊት ደግሞ ሥራውን ያጣል። ከሁለቱ የትኛውን አስቀድሞ መፍራት እንዳለበት ግራ ገብቶት ዋለ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። የተቀበለችው ዶክተር ሐያት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፤ ነገሯ ሁሉ ቀስ ያለ። አስቀምጣ ትጠይቀው ጀመር።

«ደረትህን ይወጋሃል?»

«አይወጋኝም።»

«ራስህን ስተህ ታውቃለህ?»

«መለኪያ እስታለሁ እንጂ ራሴን ስቼ አላውቅም።»

«ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?»

«የለም ዶክተር። የኛ ዘር ሞትንም ስለሚፈራ ዘጠና ሳይሞላው አይሞትም።»

«ጫት ትቅማለህ? ሲጋራስ?»

«ሁለቱንም እፈራለሁ።»

«ሻይ፣ ቡና?»

እዚህ ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሻይ እንኳን አልፈራም። ስምንት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ በቀን... አንዳንዴ ዘጠኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«አሠሪዬ በሕልሜ እየመጡ ይቀሰቅሱኛል።»

ደሙ ተመረመረ። የደም ማነስ የለበትም፤ የእንቅርት ዕጢውም ደህና ነው። ከዚያ አስተኝታ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጠፈችና ማሽኑን ስትከፍተው ረጅም ወረቀት ወጣ፤ መስመሩ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ። ወንድይፍራው እንደተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ያዘው።

«ዶክተር፣ ይሄ ዚግዛግ የኔ ነው?»

«የልብህ ምት ነው።»

በአውራ ጣቱ ርቀቱን ለካው። ሁለት ጊዜ ለካው። «ስፌቱ እኩል እኮ ነው! አንድም የዘለለ የለም። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ልቤ ከኔ የተሻለ ልብስ ሰፊ ነው።»

ሐኪሟ ሳቀች። «ልክ ነህ፤ እኩል ነው። ታዲያ ይሄ ነገር የሚመጣብህ መቼ መቼ ነው?»

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ።»

«እሑድስ?»

አሰበ። «እሑድ... ይገርማል። እሑድ ልብ እንዳለኝም ትዝ አይለኝ።»

«እሑድ ምን የተለየ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ስፌት ቤቱ ዝግ ነው።»

ዶክተር ሐያት የእጁን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች ትቆጥር ጀመር። ሰባ። ሰባ አንድ። ከዚያ ድንገት ጮክ ብላ፣ «ወንድይፍራው!» አለች።

«አቤት!» ብሎ ከአልጋው ላይ ተስፈነጠረ። ግማሹ ሽቦ ከደረቱ ተላቀቀ፣ ግማሹ ማሽኑን ይዞ ጎተተ። ልቡ መቶ ሠላሳ ገባ።

«ተገኘ» አለች ሐኪሟ። «አትፍራ፣ ልብህ ምንም አልሆነም። ሲደነግጥ ይሮጣል፤ ሻዩና እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ያግዙታል። ሻይህን ቀንስ፣ ውኃ ጠጣ፣ በደንብ ተኛ። ደረትህን ከወጋህ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ሳትውል ሳታድር ተመለስ።»

«አሠሪዬንስ ምን ላድርጋቸው?»

«የሳቸው መድኃኒት እዚህ የለም» አለችና ወረቀቱን ጽፋ ማኅተም መትታ ሰጠችው።

ስፌት ቤቱ ሲደርስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወላጆች ዩኒፎርም ሊወስዱ መጥተው በር ድረስ ተሰልፈዋል። ወንድይፍራው ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አደረጉና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ «‹ልቡ ጤነኛ ነው። የልብ ሕመም አልተገኘበትም።›» ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር። እንዴት ተደርጎ!

«አላልኩም?» አሉ ወደ ወላጆቹ ዞረው። «ሥራ ጠልቶ ነው! ትናንት እኮ እጅጌውን ከሱሪ ጋር ሰፍቶ ልቤን አወለቀው! መጀመሪያስ ልብ ቢኖረው አይደል የሚያመው?» ሰው ሳቀ። ጋሽ ይመር ሳቅ ሲያገኙ ይብስባቸዋል። «በል እዚሁ በሰው ፊት ንገረኝ። ልብህ ጤነኛ ከሆነ የሚዘለው ለምንድን ነው? መልስ ከሌለህ ማሽኑን ልቀቅ!»

ወንድይፍራው ማሽኑን አየ፤ ያቺ ከሄደች እሱም ሄደ ማለት ነው። ልቡ ድው ድው ይላል። ዛሬ ግን ማኅተም የተመታለት ልብ ነው፤ እንደ ትናንቱ ዝም ብሎ አይመታም። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዲህ አለ፤

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ልብ የለህም› ሲሉኝ እኔ ሞኙ አምኜ ነበር። ለካ አለኝ፤ ያውም ጤነኛ፣ ያውም በቦታው። የሚዘለውም ታሞ አይደለም። እርስዎ በቀን አርባ ጊዜ ሊያወልቁት ሲመጡ እየሸሸ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሉባባ መርፌያቸውን ጥለው ሆዳቸውን ያዙ። ከሰልፉ አንዲት እናት፣ «እውነቱን ነው፤ የኔም ልብ እዚህ ከቆምኩ ጀምሮ ዘሏል!» አሉ። ጋሽ ይመር ፊታቸው ቀላ፤ አፋቸውን ከፍተው «ወን...» ብለው ጀመሩ። ያችን ጩኸት ዋጧት። ወደ ግድግዳው ጽሑፍ አንዴ ቀና አሉ፣ ከዚያ ወደ ወንድይፍራው ጠጋ ብለው ትከሻውን ዳሰስ አደረጉና፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣

«ወንድዬ... የኔ ልጅ፣ በል ሥራህን ቀጥል» አሉት።

ወንድይፍራው «አቤት» ማለት አቃተው። ፊቱ አመድ መሰለ። በሁለት እጁ ደረቱን ይዞ ማሽኑ ላይ ተደገፈ።

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ እንደ ድሮው ይጩሁብኝ! ይሄኛውን ሐኪሟ አላየችልኝም።»