የእንጉዳይ ቋጠሮ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራቱን የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚመልስ? በሉ እሺ፣ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ሁሉ «በሕግ አምላክ!» ሲሉት ባለበት በሚቆምበት በዚያ ደግ ዘመን፣ ደምለው የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። የመንደሩ ሹም ነውና የመንግሥት ጎተራ ቁልፍ በእጁ ነበር። የጎተራው እህል ለክፉ ቀን ነው። ዘር ያጣ ገበሬ ከዚያ ይሰፈርለትና ይዘራል። ደምለው ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለና እህሉን እየሸጠ በላው። ሁለት በቅሎ ገዛበት። ልጁን ዳረበት። ድግሱማ! እስከ ማዶ መንደር ተወራ።

ከዚያም ዝናብ ቀረና ክፉ ቀን መጣ። እንጉዳይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ለዘር ያስቀመጠችውን ከልጆቿ ጋር ቆልታ በልታ ጨረሰችው። በዓመቱ ክረምት ሲገባ ዘር ልትጠይቅ ወደ ጎተራው ሄደች። ባዶ!

፦ ጌታዬ፣ እህሉ የት ገባ?
፦ አይጥ በላው።
፦ ወይ ጉድ! የዘንድሮ አይጥ በበቅሎ ይሄዳል እንዴ?

ደምለው ተቆጣና ሊሄድ ፊቱን አዞረ።

፦ በሕግ አምላክ! አለችው።

ቆመ። ያኔ ሹምም ቢሆን ይቆማል። የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችና ተያይዘው ዳኛ ዘንድ ሄዱ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲያ ነበር የሚሄዱት፤ ቁራኛ ይባላል።

ዳኛው የሁለቱንም ሰሙና ፈረዱ፦ ከሹመቱ ተሽሯል። በቅሎዎቹ ይሸጡና ለመንደሩ ዘር ይገዛ። እሱ ደግሞ አዝመራው እስኪደርስ የእንጉዳይ ቁራኛ ይሁን። የበላችውን ይብላ፤ ስትራብ ይራብ።

ሌሊትማ ይፈታል፣ በረት ነው የሚተኛ! ምን ያስገለፍጣችኋል?

በመጀመሪያው ቀን እንጀራ የሌለው የተቀቀለ ጎመን ቀረበለት።

፦ ይህን ነው የምትበሉት?
፦ አይጥ ያተረፈልንን ነዋ!

አልበላም አለ። በማግስቱ በላ። ረሃብ ሹም መቼ ያውቃል? ከዚያም አብሯት አረሰ፣ አብሯት አረመ። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ «እማዬ፣ ራበኝ» ብላ ስታለቅስ፣ ድርሻውን ወደ እሷ ገፋና ኩታውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ። የልጁ ሠርግ ትዝ ብሎት ነው። ያን ቀን የተረፈውን እንጀራ ለውሻ ነበር ያስጣለው።

አዝመራው ደረሰ። እንጉዳይ ቋጠሮውን ፈታችና «በል፣ ቤትህ ግባ» አለችው። በዚያው ሰሞን መንደሩ አዲስ ሹም መረጠ። ሽማግሌዎቹ ቁልፉን ሊሰጡት ሲሉ ደምለው ከመሃል ብድግ አለ።

፦ ቆዩ! መጀመሪያ ኩታውን ከእንጉዳይ ነጠላ ጋር ቋጥሩለት። እራቷን በልቶ ይምጣ። እኔንም አስቀድማችሁ ቋጥራችሁኝ ቢሆን ኖሮ… አለና ተመልሶ ቁጭ አለ።

ቋጠሩለት። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ከድሃ ጋር ሳይቋጠር ቁልፍ የያዘ ሹም የለም።

አይ ጊዜ! ዛሬ ሹሙ በመኪና ሽው ይላል፤ የኩታውን ጫፍ ማን ይደርስበታል? እኛ ጋ የሚደርሰው አቧራው ነው። ናፈቀኝ፣ ልጆቼ፣ ያ ቋጠሮ።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦው ግን ከየድርሻችሁ ይሁን! ከእናቱ ጓዳ ሰርቆ የሚያመጣልኝ ካለ፣ ነጠላዬ ይኸው፤ እቋጥረዋለሁ።