ከኮርቻ ላይ የማይታየው ድንበር

በቆላና በደጋ መካከል፣ ዙሪያዋን ወይራ የከበባት አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ጡሃ በሽር የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ሕዝቡ ግን በስማቸው አይጠራቸውም፤ በፈረሳቸው መልክ አባ ዳማ ይላቸው ነበር። በጉብዝናቸው ዘመን ፈረሰኛ ሆነው ብዙ ዘምተዋል። በመጨረሻው ውጊያ ጭናቸውን በጦር ተወጉና ፈረሳቸው ዳማ ከሬሳ መሃል ተሸክሞ አወጣቸው። ቁስላቸው ሲጠግግ "ከእንግዲህ የምጨብጠው ብረት ማረሻ ብቻ ነው" አሉ። ቃላቸውን ጠበቁ።

በዚያ ዘመን ከጦር ለተመለሰ ፈረሰኛ መሬት ይሰጠው ነበር። የአገሩ ሹም ቡሽራ ይባላል። ሕዝቡን ሰበሰበና አባ ዳማ በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ በአለንጋው እያመለከተ፣ "ከዋርካው እስከ ጅረቱ ያንተ ነው፤ ዙረህ እየው!" አላቸው። አባ ዳማም ፈረሱን ኮልኩለው ዙሪያውን ጋለቡት። ሴቶች እልል አሉ። ሚስታቸው መይረም ትንሹን ልጃቸውን ነጅብን አዝላ ከሩቅ አገር ተከትላቸው የመጣች ናት፤ ከሕዝቡ መሃል ቆማ የባሏን ነጭ ጋቢ በነፋስ ሲውለበለብ አየች። ኮራች። መቼም ባል በፈረስ ላይ ሲያምር የማትኮራ ሴት የለችም።

መሬቱ ሁለት ዓይነት ነበር። በዋርካው በኩል ያለው ጭንጫ ነው፤ ድንጋይ ለቅመው የማይጨርሱት። በጅረቱ በኩል ያለው ግን ጥቁር አፈር ነው፤ ማሽላው ሰው ይውጣል። በሁለቱ መካከል ሣር የለበሰ መሬት ነበረ። አባ ዳማ እሱን ማረሻ አላስነኩትም። "ይሄ የዳማ ነው፤ እሱም ዘምቷል" ብለው ለፈረሱ ተዉለት።

ከጅረቱ ማዶ ተይባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አባት ከሞተባቸው ሁለት የቲም ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የነሱ መሬት ገደል የሆነ ነው፤ ፍየል እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምትረግጠው። ስለዚህ አዝመራ በገባ ቁጥር አባ ዳማ ከጥቁሩ አፈር ማሽላ ዘካ ያወጡና "መጀመሪያ ለተይባ" ይላሉ። የምታደርሰው መይረም ራሷ ናት። ተይባ ማሽላውን በእፍኟ ትዘግንና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ታሸትተዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አላህ ይቀበላችሁ" ትላለች። መይረም የረሃብ ነገር ይመስላት ነበር።

የከተማው ሽማግሌዎችም ከዚያው ማሽላ ይበሉ ነበር። አባ ዳማ ለዱዓ ሲጠሯቸው ይመጣሉ፤ ቢስሚላህ ብለው ይበላሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው "ያ አላህ፣ የዚህን ቤት በረካ አታንሳ" ይላሉ። አፋቸውን ጠርገው ይሄዳሉ።

እንዲህ ሲኖሩ ነጅብ ጎረመሰ፣ ሹም ቡሽራም ልጁን ሊድርለት ቃል ገባ። ሰርጉ ከአዝመራ በኋላ ተባለ። በዚያው ክረምት መውጫ ላይ ዳማ አርጅቶ ሞተ።

በአገሩ ልማድ የሞተ ፈረስ ተጎትቶ ገደል ይጣላል፤ የቀረውን ጅብ ያውቅበታል። አባ ዳማ ግን መቆፈሪያ አንስተው ወደ ሣሩ ወረዱ። "ተሸክሞኛል። ለጅብ አልሰጠውም" አሉ።

ሹም ቡሽራ በበቅሎ ሲያልፍ አያቸውና ሳቁን መያዝ አቃተው።

"አባ ዳማ! ለፈረስም የመቃብር ለህድ ይቆፈራል እንዴ? ጀናዛውንስ ማን ሊያሰግድ ነው?"

"አንተ ወርደህ ጥቂት ብታግዘኝ ይሻል ነበር።"

"ሹም ያስቆፍራል እንጂ አይቆፍርም፤ ወዳጄ!" ብሎ በቅሎዋን ቸብ አደረጋት።

መይረም ውሃ ይዛ ስትወርድ ባሏን ከጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክከው አገኘቻቸው። መቆፈሪያውን ጥለዋል። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ ያወጡትን በመዳፋቸው ይዘዋል። ከሰል ነበር።

በዚያ አገር ድንበር ሲካለል ከድንበሩ ድንጋይ ሥር ከሰል ይቀበራል። ድንጋይ ይገፋል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ ምስክር ይሞታል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም፣ መሬት ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። የላዩን ምልክት ነቅሎ የጣለ ሁሉ የታቹን ለማውጣት መቆፈር አለበት። የነቀሉትም ሰዎች መቆፈር ከብዷቸዋል፤ ወይም ማን ያየናል ብለዋል።

"ምንድን ነው እሱ፣ የነጅብ አባት?" አለች መይረም።

አባ ዳማ ተነሥተው በሣሩ ዳርቻ ቀጥ ብለው ሄዱና ጫፉ ላይ እንደገና ቆፈሩ። ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ከሰል። ያን ጊዜ ቀና ብለው ወደ ጅረቱ ተመለከቱ። ከሣሩ ወዲያ ያለው ጥቁር አፈር በሙሉ፣ ያ ሁሉ የቆመ ማሽላ፣ የእሳቸው አልነበረም።

ፈረሱን ቀበሩትና እጃቸውን ታጥበው ጅረቱን ተሻገሩ። መይረም ተከተለቻቸው። ተይባ ደጃፍ ላይ እንደደረሱ አባ ዳማ ከሰሉን አሳዩዋት። ሴትዮዋ አየችውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"የማን ነው፣ ተይባ?"

"የከሊፋ ነው" አለች፤ የሟች ባሏን ስም ስትጠራ ድምጿ ቀጠነ። "የባሌ አባት የተካለሉት ነው።"

"መቼ ተወሰደ?"

"እርስዎ የመጡ ዓመት። ከሊፋን ከቀበርን ብዙም አልሰነበትንም፤ እኔ የባሌ ሐዘን ዒዳ ላይ ነበርኩ። ከደጅ አልወጣም። እልልታውን ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሰርግ መስሎኝ ነበር።"

"እኮ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዒዳዬን ስጨርስ ማሽላው በቅሏል። እርስዎ ፈረስ ላይ ነዎት፤ ሹሙ አጠገብዎ ነው። ለማን ልናገር? ኋላ ደግሞ ልጆቼን ያሳደጋቸው የእርስዎ ዘካ ሆነ። የሚያበላኝን ሰው ምን ብዬ ልክሰስ?"

መይረም ያኔ ገባት። ያቺ ሴት ማሽላውን ታሸትት የነበረው ርቧት አልነበረም፤ መሬቷን ነበር የምታሸትተው። የራሷን እህል በዘካ ስም ከሰው እጅ እየተቀበለች ነው የመረቀቻቸው።

በመንገድ ላይ ግን የእናት ነገር ሆነና መይረም አልቻለችም።

"ነጅብስ? ሹም ቡሽራ ልጁን የሚሰጠው ለዚያ ጥቁር አፈር ነው እንጂ ለኔ ልጅ ዓይንና ቅንድብ መስሎህ ነው? አንተ አልሰረቅህ፣ አልቀማህ። ሰጡህ፣ ወሰድህ!"

አባ ዳማ ቆሙ። "መይረም፣ የየቲም ማሽላ ፈጭተሽ የልጅሽን ሰርግ ልትደግሺ ነው?"

"ያ አላህ!" አለች። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። በየደጃፉ ስታልፍ "ይሄኛውም ያውቅ ነበር፤ እዚህኛው ቤትም ያውቁ ነበር" እያለች ሄደች።

ጁምዓ ደረሰ። ሰላት ካበቃ በኋላ አባ ዳማ በመስጊዱ ግቢ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ከሰሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሁሉም አየው። ምን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ አለመጠየቃቸው ራሱ ምስክር ነበር።

"የቀበረው ሰው በሕይወት አለ?" አሉ አባ ዳማ።

ሀያቱ የሚባሉት የሁሉም ታላቅ ከዘራቸውን እያዟዟሩ፣ "እኔ ነኝ። ከከሊፋ አባት ጋር ሆኜ የቀበርኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"ታዲያ እኮ ለምን ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ ፈራንህ። ጦረኛ ነህ፤ ሹሙም ሰጥቶሃል። ኋላ ደግሞ ደግ ሰው ሆነህ ተገኘህ። ደግ ሰው ማስቀየም ከበደን።"

አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ የተባለ መሰላቸው። እንግዲህ ተመልከቱ! አንድን ሰው ደግ ነው ብለው ሐራም አበሉት። እንዳይከፋው ብለው እሳት አጎረሱት። እነሱም ከእሳቱ አብረው ሞቁ፤ እዚያው ቤት በልተው፣ እዚያው ቤት ዱዓ አድርገው። ባሏን የቀበረች ሴት ሸሪዓ ከቤት አትውጪ ያላት ኀዘኗ እንዲከበር ነው። እነሱ ግን አለመውጣቷን አመቺ ጊዜ አደረጉት። የአላህን ሕግ ለቀማኛ መከለያ ካደረጉ በኋላ የሰላት ሰፍ ሠርተው ከፊት ቆሙ!

ሹም ቡሽራ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባ ዳማ፣ መሬቱን በደምህ ነው ያገኘኸው።"

"ደሜን ያፈሰስኩት ከጠላት ጋር ነው። ከከሊፋ ልጆች ጋር አልተዋጋሁም።"

"ያለፈ ነገር ነው!"

"ማሽላው አላለፈም። ቆሟል። አጭዶ የሚወስደው ባለቤቱ ነው።"

"እንግዲያስ እኔ ልጄን ለጭንጫ አልድርም!"

"ጭንጫው ሐላል ነው" አሉ አባ ዳማ፤ ነጅብ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሰርጉ እዚያው ፈረሰ።

በዚህ መሃል ሀያቱ፣ እንደ ተቆርቋሪ ሆነው፣ "እኛስ ፈራን። አንተ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳታየው ቀረህ?" ብለው ጠየቁ።

አባ ዳማ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ከሰሉን አነሡና፣ "በፈረስ ስለዞርኩት ነው" አሉ። "ሐቅ ከኮርቻ ላይ አይታይም። ወርዶ መጎንበስ ይፈልጋል።"

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የበሬዎቻቸው የመጀመሪያ ጥማድ የተይባ ሆነ። ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የእሷን ጥቁር አፈር ያርሳሉ፤ የራሳቸው ጭንጫ የሚታረሰው መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ነው። "የበላሁትን በክንዴ እመልሳለሁ" ይሉ ነበር። ተይባ "በቃ፣ ይቅር ብያለሁ" ብትልም አልሰሟትም። ከተማው "የፈረሱ ሞት አሳብዶታል" አለ። ነጅብ ከአባቱ ጋር ድንጋይ እየለቀመ ኖረ፤ ቆይቶም የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባ። በሰርጉ ቀን ሽምብራ ነበር የተበላው። መይረም እንደዚያ ሽምብራ የጣፈጣት ምግብ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ አባ ዳማ በንዳድ ታመው ወደ አኺራ ሄዱ። ለጀናዛቸው ሜዳው አልበቃም። መይረም ከውስጥ ሆና የደጁን ወሬ ትሰማለች። "እንዲህ ያለ አማና ጠባቂ አይገኝም" ይላል አንዱ። "መልስ ብለን የመከርነው እኮ እኛ ነን" ይላል ሌላው። ይህንንም ሰማች። ነጠላዋን ነከሰች፤ ከእሷ ጋር የኖረው ሰው በሰው አፍ ሌላ ሰው እየሆነ ሲሄድ መስማት ሁለተኛ ቀብር ነው።

ዒዳ ገባች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከደጅ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ የነጅብ እናት!" አለ የሹም ቡሽራ ድምፅ። "አላህ ያጽናሽ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም" አለች ከበሩ ጀርባ።

"እህቴ፣ አባ ዳማ ልቡ ርኅሩኅ ነበር፤ አላህ ይማረው። ግን እኮ ያ መሬት በሹመት የተሰጠ ነው። ሀያቱም ሞቷል፣ ከሰሉን ካዩት የቀሩት ጥቂት ናቸው። ነጅብ እድሜ ልኩን ድንጋይ ሲለቅም ይኑር? አንቺ እሺ በይ እንጂ ምስክር ሞልቶኛል። አዝመራውን እኩል እንካፈላለን።"

መይረም ከሐዘኗ ቀና አለች።

"ሹም ቡሽራ፣ ከበቅሎዎ ወርደዋል?"

"አይ፣ ለጥቂት ነገር ስለመጣሁ ነው።"

"እንግዲያው አይታይዎትም።"

"ምኑ?"

"ሐቁ! ተይባ ዒዳ ላይ እያለች ድንበሯን ነቀሉ። ዛሬ ደግሞ የኔን ዒዳ ጠብቀው መጡ። ሴት ከቤት የማትወጣበትን ጊዜ እንዲህ አጥብቀው የሚያውቁ ሰው፣ የሰላትን ጊዜ እንዲሁ ቢያውቁት የአላህ ወዳጅ፣ ወሊይ ይሆኑ ነበር። ይሂዱ! ባሌ የተሸከመውን እንጂ ያራገፈውን አልሸከምም።"

ቀጥሎ ኮቴው ራቀ።

ወደ ማታ ተይባ መጣች። ከአዲሱ አዝመራ ማሽላ በቁና ይዛ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። መይረም ከቁናው ዘገነችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አፈሩ ሸተታት። የባሏ ላብም በዚያ አፈር ውስጥ ነበር። ያኔ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አባ ዳማን የሚያስታውስ ሰው "ሐቅ ከኮርቻ ላይ አይታይም" ያሉትን ይደጋግመዋል፤ ቃሉ ያምራልና። ነገር ግን ኮርቻ ማለት የፈረስ ብቻ እንዳይመስለን። ሹመትም ኮርቻ ነው። መከበርም ኮርቻ ነው፤ "ደግ ሰው ነው" መባልም እንኳ። አባ ዳማ ያላዩት ከፍ ብለው ስለነበር ነው፤ ባዩ ቀን ተንበረከኩ። እነዚያ ሽማግሌዎች ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር፣ አይተውም በሉ። እኛስ? በየቀኑ ደጋግመን ግንባራችንን መሬት ላይ እናደርጋለን። ከመሬቱ ሥር የማን ከሰል እንዳለ ሳንጠይቅ፣ አቧራችንን አራግፈን እንነሣለን።