ባዶ ፍላሽ እምቢ ሲል

አንዲት ሴት ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣለች። ሥራዋ ቀላል ነው፤ አንድ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ መገልበጥ። እናንተስ ስንት ጊዜ ገልብጣችኋል? ለመዝሙር፣ ለሠርግ፣ ለልጆች ፊልም።

ይህ ግን የሠርግ ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮው ላይ ያሉት አባቷ አቶ ኤርሲዶ ናቸው። ዱራሜ ከተማ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ታመው ተኝተዋል። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም። የበኩር ልጃቸው ላምቤቦ ተጣልቷቸው ጂንካ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። እናቱ ስትቀበር እንኳ አልመጣም። አባቱ ሲደውሉለት አያነሳም።

ስለዚህ ሽማግሌው ስልክ አስደቅነው ለልጃቸው የሚሉትን ሁሉ ተናገሩ። መጀመሪያ ወቀሱት፤ አምርረው ወቀሱት። በመጨረሻ ግን ይቅር አሉት፣ መረቁት።

ተሰማ የሚባል ሾፌር፣ የላምቤቦ የልጅነት ጓደኛ፣ በአይሱዙ መኪናው ዕቃ ጭኖ ወደ ጂንካ ሊሄድ ነው። "አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሳየዋለሁ" ብሏል። ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ቆሟል። ክላክስ ያሰማል።

ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ።

"ሞልቶ ነዋ" አለች ዘሪቱ፣ የታናሽ ወንድሟ ሚስት። ፍላሹ የእሷ ነው። "አጥፊለት።"

"መዝሙሮችሽ ናቸው እኮ ያሉት።"

"አጥፊ አልኩሽ እቴ። ሌላ ጊዜ አስጭናለሁ።"

አጠፋች። እምቢ አለ።

"ይሄስ? የመንትዮችሽ ፎቶ ነው፤ ገና የተወለዱ ዕለት። ስልክሽ ላይ አለ?"

"ይኖራል።"

ይኖራል! ሳታይ፣ ሳታጣራ፣ ይኖራል። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ እጇን አፈፍ አድርጌ በያዝኩ ነበር። ቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ምን ይከለክላል? ስልኳን ቀይራለች፤ አሮጌው የት እንደገባ አይታወቅም። የእነዚያ ሕፃናት የመጀመሪያ ቀን መልክ ያን ጊዜ ጠፋ። በከንቱ ነው የጠፋው። ምክንያቱም ፍላሹ ባዶውን ከቀረ በኋላም ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

ተሰማ አንገቱን በመስኮት አስገባ። "የምትጭኑት የአባታችሁን ቪዲዮ ነው ወይስ አባታችሁን ነው?"

"አንተ ደግሞ አታዋክበኝ" አለችው ሴትየዋ። ከዚያ ለራሷ፣ "በቃ፣ ልቆራርጠው" አለች።

ከአልጋው ድምፅ መጣ። "ምኑን ነው የምትቆራርጪው?"

"ቪዲዮውን ነው አባባ። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት አድርጌ ልላከው።"

"ወንድምሽን አታውቂውም? ክፍል አንድ ላይ ወቀሳውን ሰምቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ክፍል ሁለትን ማን ያየዋል?"

"እንግዲያው ወቀሳውን ትቼ ምርቃቱን ብቻ ልላክለት?"

"ምኑን ይቅር እንዳልኩት ሳያውቅ? አንድ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ላይ ይስማው።" ትንሽ አሳላቸው። "አንቺም ያ ኮምፒውተር የሚልሽን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከጠዋት ጀምሮ 'ትልቅ ነው' ትይኛለሽ። ለምኑ ነው ትልቅ የሆነው?"

ሴትየዋ አስተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛ ታነባለች። ግን ሁላችንም እንደምናደርገው መጀመሪያውን አይታ ነበር የዘጋችው። አሁን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ፋይሉ ትልቅ የሆነው ለፍላሹ ቦታ አይደለም፤ ፍላሹ ለተሰናዳበት አሠራር ነው።

እኔም ካስረዱኝ በኋላ ነው የገባኝ። ፍላሹ አሥራ ስድስት ጊጋ ይይዛል። ቪዲዮው ስድስት ጊጋ ነው። ቦታ ይተርፋል። ግን ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በአሮጌ አሠራር፣ ፋት ሠላሳ ሁለት በሚሉት ነው። ያ አሠራር አንድ ፋይል ከአራት ጊጋ ካለፈ አይቀበልም። ትንንሹን ሺህ መዝሙር ይቀበላል። አንዱን ትልቅ አይቀበልም። ብታጠፉለትም አይቀበልም።

መድኃኒቱ ፎርማቱን መቀየር ነበር። ኤክስፋት የሚባለውን መረጠች። "ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?" ብሎ ጠየቃት። ምን የሚጠፋ ተርፎ? ቀጥል አለችው። ሳይቆይ ተሰናዳ፤ ቪዲዮውም እንዳለ፣ ሳይቆረጥ ገባ።

ጂንካ ላይ ላምቤቦ ወቀሳው ሲጀምር ከወንበሩ ተነሣ። ተሰማ እጁን ይዞ፣ "ቁጭ በል፣ አላለቀም" አለው። ተቀመጠ። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በዚያው መኪና ወደ ዱራሜ ተመለሰ። አባቱ ገና በሕይወት ነበሩ። ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ "እስከ መጨረሻው ሰማኸው?"

እኅቶቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አትቆጡኝ።

ቦታ የለኝም ትሉኛላችሁ። ሥራ በዛብኝ፣ ሐሳብ በዛብኝ። ውሸት ነው። ለእድር ቦታ አላችሁ። ለኳየር ቦታ አላችሁ። የታመመ ትጠይቃላችሁ፣ አራስ ትጠይቃላችሁ። ትንንሹን ሁሉ ልባችሁ ይቀበላል። ያን አንዱን ትልቁን፣ "ይቅር በዪኝ" ብላችሁ የአማታችሁን በር ማንኳኳት ሲመጣ ግን እምቢ ይላል።

ያኔ ምን ታደርጋላችሁ? ጸሎት ትተዋላችሁ። ከኳየር ትወጣላችሁ። "ጭንቀቴን ልቀንስ ብዬ ነው" ትላላችሁ። መዝሙሩን ታጠፋላችሁ፣ የሕፃናቱን ፎቶ ታጠፋላችሁ፤ ትልቁ ነገር አሁንም ደጅ ነው። እናንተ ስታጠፉ እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። ስለ ልጆቻችሁ ነው የምፈራው። አያታቸውን የት አይተው ያውቃሉ?

ወይ ደግሞ ትቆራርጡታላችሁ። ለበዓል ሰላም፣ ለለቅሶ ሰላም፣ ከዚያ ኩርፊያ። ወቀሳውን ሰምታችሁ ምርቃቱ ሳይደርስ ትነሣላችሁ። እግዚአብሔርንም እንደዚያው። ሲገሥጻችሁ ተነሥታችሁ ወጣችሁ። ማን ነው ቁጭ በሉ፣ አላለቀም የሚላችሁ? እሺ፣ እኔ ልበላችሁ። ቁጭ በሉ። አላለቀም።

እግዚአብሔርን ቦታ አትለምኑት፤ ቦታ ሰጥቷችኋል። ልቤን እንደ አዲስ አሰናዳልኝ በሉት። "ያለው ይጠፋል፣ ልቀጥል?" ብሎ ይጠይቃችኋል። የሚጠፋው ቂማችሁ ነው፤ ኩራታችሁ ነው። ቀጥል በሉት።

ብቻ አትቆዩ። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ክላክሱ ይሰማል፤ ያ መኪና ሁልጊዜ ደጃችሁ አይቆምም።